ከታጠበ በኋላ የሚጠፋው ሽንሽን

ጥያቄ፦ ከጥጥ ጨርቅ የሰፋሁት ሽንሽን ጉርድ ገና መጀመሪያ ሲታጠብ እጥፋቱ ተዘረጋ። ወገቡም ከለካሁት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠቧል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ጥጥ በካውያ የያዘውን እጥፋት ውሃ ሲነካው ይለቃል። በሙቀት ለስልሶ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን የሚይዘው ፖሊስተር ነው። ጃፓናዊው ዲዛይነር ኢሴይ ሚያኬም ለታወቀበት የሽንሽን ልብስ የተጠቀመው ፖሊስተር ነው፤ ያውም ልብሱ ከልክ በላይ ትልቅ ተደርጎ ከተሰፋ በኋላ ነው በሙቀት የሚታጠፈው።

ጥጡን ካልተዉት ግን የእያንዳንዱን እጥፋት ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው በስፌት መኪና ይስፉት። አድካሚ ነው፤ ሆኖም ኮምጣጤ በተነካ ጨርቅ ከመተኮስ ይልቅ ይህኛው ይሻላል።

የወገቡ ነገር የልኬት ጉዳይ ነው። ለ72 ሴንቲ ሜትር ወገብ 24 እጥፋት ቢያደርጉ፣ እያንዳንዱ 3 ሴንቲ ሜትር ከላይ ይታያል፣ 6 ሴንቲ ሜትር ከሥር ይደበቃል። ስለዚህ 216 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ያስፈልጋል፤ የስፌት ትርፍ ሳይጨምር። የሚደበቀው ጨርቅ በየእጥፋቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢበልጥ ከወገቡ 4.8 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል። መስመሩን በጠመኔ ከላይም ከታችም ያስምሩ፤ ከላይ ብቻ ከተሰመረ እጥፋቱ ወደ ታች ይጣመማል።

የታችኛውን ጠርዝ ሳያጥፉ በፊት ይቀምቅሙ። ከታጠፈ በኋላ የተቀመቀመ ጠርዝ ይወፍራል፣ እጥፋቱንም ይከፍታል። ከዚያ እጥፋቱን በእጅ በረጅም ስፌት ይያዙት፣ እርጥብ ጨርቅ ደርበው ይተኩሱት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አያንሱት። ጨርቅ ሲቀጥሉም ስፌቱ ከውስጠኛው እጥፋት ሥር ይግባ።