ከካቻቢቴ በፊት ጣት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዱ ተማሪዬ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ኮንትራባሱ አብዷል» አለኝ፤ ያ አቁመን የምንጫወተው ባለ አራት አውታሩ ትልቁ ባስ። ሬ በሚባለው አውታር ላይ ፋ የሚባለውን ኖታ ሲነካ ከላይ በኩል ዝዝዝ የሚል ድምፅ ይወጣል። ሌላው ኖታ ላይ ጸጥ ነው። ጥፋቱ አውታሮቹን ከሥር የሚደግፈው የብርኩማው መስሎት ሊያስቀይረው ብር እያጠራቀመ ነበር። «በል ምንም ሳትፈታ ቆየኝ፣ ነገ እመጣለሁ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ሳቅ አለኝ። በሱ ዕድሜ እኔም ይኸው ነበርኩ።

እናንተም አንድ ቀን ይገጥማችኋልና ያየነውን ልንገራችሁ።

የማሲንቆ መቃኛ አንድ እንጨት ነው። አጥብቀው ይገፉታል፣ በራሱ ይይዛል። ኮንትራባስም ድሮ በእንጨት ነበር የሚቃኘው። ግን አራቱ አውታሮች ተደምረው ከ100 ኪሎ በላይ ይስባሉ። ያንን በእንጨት እየጠመዘዙ መቃኘት ምን ያህል ክንድ እንደሚፈልግ አስቡት። በ1778 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ባክማን የተባለ መሣሪያ ሠሪ ባለ ጥርስ መቃኛ አመጣ፤ ዛሬም የምንጠቀመው የዚያን ዝርያ ነው። ጆሮ የሚመስለውን ብረት ስታዞሩ ጥምዝምዙ ዘንግ ይዞራል፤ ዘንጉ የነሐሱን ጥርስ ይገፋል፤ ጥርሱ አውታሩ የተጠቀለለበትን ግንድ ያዞራል። አውታሩ የፈለገውን ያህል ቢስብ ጥርሱ ዘንጉን ወደኋላ ሊያዞረው አይችልም። ቅኝቱ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ጣጣው ደግሞ እዚያው ነው። አራት ጆሮ፣ አራት ዘንግ፣ አራት ጥርስ፣ ከደርዘን በላይ ብሎን። ከነዚህ አንዱ ከላላ የሚንቀጠቀጥበት የራሱ ኖታ ይኖረዋል። ያ ኖታ ሲመታ ይነቃል፤ ሌላው ላይ ይተኛል። የተማሪዬ ባስ ፋ ላይ ብቻ የሚጮኸው ለዚህ ነበር።

በማግስቱ ስደርስ ካቻቢቴ ይዞ በር ላይ ጠበቀኝ። ካቻቢቴውን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩትና መጀመሪያ የወንድሙን ድራም ከክፍሉ አስወጣን። አትሳቁ። በ1980ዎቹ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ሙሉ ከሰዓት በኋላ አባክኛለሁ። ባሴን ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ እንደገና ፈታሁ። ሲጮህ የነበረው ግን ጥግ ላይ የቆመው ስኔር የሚባለው ድራም ከሥሩ የተወጠረው ሽቦ ነው። የስቱዲዮውን ሰዓት ከኪሴ ከፈልኩ።

ድራሙ ወጥቶም ዝዝታው አለ። «ደጋንህን አንሳ፣ ፋን ሳታቋርጥ ሳብ» አልኩት። በርጩማ ላይ ቆምኩና ጆሮዎቹን አንድ በአንድ በሁለት ጣቴ መያዝ ጀመርኩ። ሚ፣ ምንም። ላ፣ ምንም። ሬ ላይ ስደርስ ድምፁ ጸጥ አለ። ጣቴን ሳነሳ ተመለሰ። ደግሜ ያዝኩት፤ ጸጥ። ልጁ ደጋኑን አቁሞ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

አንዳንዴ ጆሮውን ብትይዙትም አይጠፋም። ያኔ የአውታሩን ጫፍ እዩ። ትርፉ ጫፍ ከመቃኛው ሳጥን ግድግዳ ጋር እየተላተመ ይጮሃል፤ በፒንሳ ጎንበስ ማድረግ ይበቃዋል። ቀጥሎ የነሐሱን ጥርስ ከግንዱ ጋር የያዘውን ብሎን፣ ከዚያ መቃኛው የተገጠመበትን ሳህን እንጨቱ ላይ የያዙትን ብሎኖች ፈትሹ። በበጋ እነዚህ ይላላሉ። አዲስ አበባ ከመስቀል በኋላ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ብሎኑ ግን እንደነበረ ነው። እኔ ኅዳር ላይ አንዴ ሁሉንም እዳስሳለሁ። ከነኩት ጥብቅ ካለ እተወዋለሁ። ከዚያ በላይ ከታገላችሁት ቀዳዳውን ነው የምትበሉት። ቀዳዳው ሰፍቶ ብሎኑ በባዶ የሚዞር ከሆነ ስቴኪኒ በኮላ ነክራችሁ ሙሉት። ሲደርቅ የተረፈውን ቁረጡ፤ ብሎኑን ሻማ ላይ አሽታችሁ መልሱት።

የተማሪዬ ባስ ግን ብሎኑ ሁሉ ደህና ነበር። ችግሩ ጆሮው ከነዘንጉ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ መንሸራተቱ ነው። በዕድሜ ብዛት ማቀፊያው ሰፍቷል። «አሁን አራቱንም እናላላ?» አለኝ። በፍጹም። የሬውን ብቻ። አውታሮቹ ሁሉ አንዴ ከላሉ ብርኩማው ይወድቃል፤ ውስጥ የቆመችው ትንሽ ዱላም አብራ ልትወድቅ ትችላለች። ፈረንሳዮች ያቺን ዱላ «ነፍስ» ነው የሚሏት። እኔ አንዴ ጥያታለሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ኤሌክትሪክ ባስ ዞሮ ስለነበር ኮንትራባሱ ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ኖሯል። አውጥቼ አራቱንም በአንድ ጊዜ ፈታሁ። ውስጡ ቋ ሲል ልቤም አብሮ ወደቀ። መልሶ የሚያቆማት ሰው እስካገኝ አንድ ወር ፈጀብኝ።

የዚያኑ ሰሞን ሌላ ጥፋትም ሠርቻለሁ። መቃኛው ስለደረቀ የስፌት መኪና ዘይት አንቆረቆርኩበት። ለሁለት ቀን እንደ ቅቤ ዞረ። ከዚያ ዘይቱ ወደ እንጨቱ ሰርጎ ጠቆረ፤ አቧራ ተለጠፈበት፣ አቧራውም ነሐሱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ጥምዝምዙ ብረት ነው፣ ጥርሱ ነሐስ ነው፤ ሲፋተጉ የሚያልቀው ነሐሱ ነው። የዚያ ባስ የላ መቃኛ ዛሬም ሲዞር ያንገራግራል።

ስለዚህ የሬውን መቃኛ ፈትተን ከባሱ ርቀን በረንዳ ላይ አወጣነው። ብሎኖቹን በክብሪት ቤት ውስጥ አስቀመጥን። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በጥቂት ናፍታ አጠብነው፤ ጥቁር ውሃ ወረደው። ከደረቀ በኋላ ጥምዝምዙ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ግራሶ ብቻ ቀባን። ሲዞር ራሱ ያዳርሰዋል፤ የተረፈውን በጨርቅ ጠረግን።

ለመንሸራተቱ መድኃኒቱ ሮንዴላ ነው። ከገበያ የምትገዙት ብረት ግን ራሱ ይጮሃል። ልጁን «ያረጀ ጫማ አለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። ከጫማው ምላስ ላይ ሳንቲም የምታህል ቆዳ ቆረጥን፣ መሃሏን በስተን በጆሮውና በሳህኑ መካከል አስገባናት። መጀመሪያ ወፍራም ሆና ጆሮው አልዞር አለ። በምላጭ አሳሳናት። አሁን ሲዞር ለዘብ ያለ መያዝ አለው፣ ሲወዘወዝ ግን ምንም አይንቀሳቀስም።

ሬውን መልሶ ሲቃኝ ከላይ ወደ ታች እያወረደ ኖታው ላይ አቆመ። አስደገምኩት። አውርደው፣ ከታች ወደ ላይ እየሳብክ ኖታው ላይ ቁም። ሲወርድ ከቆመ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ይቀራል፤ ትንሽ ስትጫወት ይንሸራተትብሃል።

ከዚያ ፋን ሳበ። ረጅም ደጋን። ዝዝታው የለም። ደግሞ ሳበ። ከዚያ በጣቱ መታው፣ ጠንከር አድርጎ፣ ይመጣ እንደሆነ ሊፈትነው። አልመጣም።

«ብርኩማውስ?» አለኝ። ብርኩማው ምንም አልሆነም። ባጠራቀምከው ብር አውታር ግዛበት አልኩት፤ ሚው ዝጓል።