የአእምሮ ሥልጠና በልምምድ ዕቅድ ውስጥ ቦታ ይኑረው፦ ለወጣት አሠልጣኞች

ውድ ወጣት አሠልጣኞች፣

በሩጫ ሜዳም ሆነ በጂም ውስጥ ሰው ማሠልጠን ለጀመራችሁ ልጆቼ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው፤ የአእምሮ ዝግጅትን ለውድድር ዋዜማ ምክር ብቻ ከመተው ይልቅ በሳምንታዊ የልምምድ ዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቡት። የብዙዎቻችን የዕቅድ ደብተር ቢገለጥ በመም ላይ ስንት ዙር እንደሚሮጥ፣ በሰንዳፋ አስፋልት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሸፈን፣ በእንጦጦ ዳገት ስንት ጊዜ እንደሚወጣ በዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። አትሌቱ በዚያ ሁሉ ጊዜ በሐሳቡ ምን መሥራት እንዳለበት ግን አንድም መስመር አይገኝም። ከዚያ ዋዜማው ሲደርስ «አይዞህ፣ አትፍራ» እንለዋለን። ማበረታታት መልካም ነው፤ ነገር ግን ለወራት ያልተለማመደውን ነገር በአንድ ምሽት ንግግር ልንሰጠው አንችልም።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ያደረገውን አስቡ። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ባዶ እግሩ ነው፤ ለአሠልጣኝ ግን ይበልጥ የሚያስተምረው ዕቅዱ ይመስለኛል። ከውድድሩ በፊት መንገዱን አይቶ፣ በዚያን ዘመን ሮም ውስጥ ቆሞ ከነበረው የአክሱም ሐውልት ሲደርስ ፍጥነቱን እንዲጨምር ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ተስማምቶ እንደነበር በሰፊው ተጽፏል። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ከሮጠ በኋላ መጨረሻው ሲቃረብ አፈትልኮ ወጣና በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ድካም ሐሳብን በሚበትንበት በዚያ ሰዓት «አሁን ልውጣ ወይስ ልጠብቅ?» ብሎ የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም፤ ውሳኔው አስቀድሞ ያለቀ ነበር። እናንተም አትሌታችሁ በሚወዳደርበት መንገድ ላይ ድልድዩን፣ መታጠፊያውን፣ ዳገቱን ለይታችሁ የት ምን እንደሚያደርግ አብራችሁ ወስኑ፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ደጋግሞ በሐሳቡ ይሩጠው። ሲሮጠውም የእግሩን ድምፅ፣ የትንፋሹን ፍጥነት፣ በጎኑ ያለውን ተፎካካሪ ጭምር ያስብ፤ በድል ቆሞ ሜዳልያ ሲያጠልቅ ብቻ ማሰብ ብዙ አይጠቅመውም።

ትኩረትም እንዲሁ የሚሠለጥን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በሎዛን በተካሄደው የ5,000 ሜትር ውድድር ሐጎስ ገብረሕይወት ገና አንድ ዙር ሲቀረው ውድድሩ ያለቀ መስሎት ቆመ፤ ስሕተቱን ተረድቶ እንደገና ቢሮጥም 10ኛ ሆኖ ጨረሰ። ይህ በማንኛውም ታላቅ አትሌት ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው፤ ይኸው አትሌት እ.ኤ.አ. በ2024 በኦስሎ ያንኑ ርቀት በ12 ደቂቃ ከ36.73 ሰከንድ ሮጦታል። ለአሠልጣኝ የሚቀረው ጥያቄ ዙር መቁጠርን በልምምድ ላይ ለማን እንደምንተወው ነው። እኛ ከዳር ቆመን «ሦስት ቀረህ፣ ሁለት ቀረህ» እያልን ስንጮህለት አትሌቱ መቁጠር አይለምድም። በሳምንት አንድ ቀን ዝም በሉና እሱ ይቁጠር። ሰዓቱን ከእጁ አውልቆ ይሩጥና ስንት እንደገባ ከእናንተ ከመስማቱ በፊት እሱ ይገምት። ግምቱ እየተስተካከለ ሲሄድ ሰውነቱን ማዳመጥ ተምሯል ማለት ነው።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደምቆምለት ነገር ልምጣ። 12 ጊዜ 400 ሜትር በሚሮጥበት ቀን ዘጠነኛውና አሥረኛው ላይ አትሌቱን በደንብ ተመልከቱት። ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ጣቶቹ ይጨበጣሉ፣ አንገቱ ይገተራል፣ እርምጃው ያጥራል። በዚያች ቅጽበት በልቡ ለራሱ የሚለው ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜም «አለቀልኝ» የሚል ነው። ሩጫውን እንደጨረሰ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት፣ ምን ሲል እንደነበረ በእርጋታ ጠይቁት። ከዚያ በቦታው የሚተካውን አጭር ቃል ራሱ ይምረጥ፤ «ትከሻህን ልቀቅ» ወይም «እስከ መታጠፊያው ብቻ» ሊሆን ይችላል። በኦሮምኛ የሚያስብ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የሚያስብ በትግርኛ ይበል፤ እናንተ የመረጣችሁለት ቃል በጭንቅ ሰዓት አይታወሰውም። ነገሩ ተራ ማበረታቻ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ለራሳቸው በዚህ መንገድ መናገርን ለሁለት ሳምንት የተለማመዱ ሰዎች በብስክሌት እስኪደክሙ የሚቆዩበት ጊዜ በ18 በመቶ ገደማ ጨምሯል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህ ሁሉ ለውጥ በጡንቻ መጠንከር ብቻ የመጣ ነው ለማለት ይከብዳል።

መጠበቅንም አሠልጥኑ። በትልልቅ ውድድሮች አትሌቶች ሰውነታቸውን ካሟሟቁ በኋላ አሠልጣኝ በማይገባበት ክፍል ከተፎካካሪዎቻቸው ጋር ተቀምጠው ይቆያሉ፤ ብዙ ወጣት የሚሸነፈው እዚያ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ቀን ካሟሟቁ በኋላ ለ20 ደቂቃ ያለ ስልክና ያለ ወሬ አስቀምጧቸው፤ ከሚያስገቡት አየር የሚያስወጡት እንዲረዝም አድርገው ቀስ ብለው ይተንፍሱ፤ ከዚያ ወዲያው ፈጣን ሩጫ ይሩጡ። ታምራት ቶላ ለፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ በመጎዳቱ ተተክቶ ገብቶ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽሎ አሸነፈ። ተጠባባቂ ሆኖ ዝግጅትን አለማላላት ከባድ ሥራ ነው፤ ለተጠባባቂ አትሌቶቻችሁም ከተመረጡት ያላነሰ ጊዜ ስጧቸው።

በጂም የምትሠሩት ደግሞ ሥራችሁ ከዚህ ብዙ አይለይም። ከቢሮ ደክሞ ለሚመጣ ሰው ክብደቱን ከመጨመራችሁ በፊት «ታክሲ ባጣ፣ ዝናብ ቢጥል፣ እንግዳ ቢመጣብኝ ምን አደርጋለሁ?» ለሚለው መልሱን አብራችሁት ጻፉ። በወር ስንት ኪሎ እንደሚቀንስ ከሚያስቀምጠው ግብ ይልቅ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የሚያስቀምጠው ግብ በእጁ ያለ ነው።

ድንበራችሁን ግን እወቁ። አሠልጣኝ ትኩረትን፣ ትንፋሽን፣ ዕቅድን ያስተምራል፤ ሕመም አያክምም። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የሚሸሽ፣ ከጓደኞቹ የተለየ፣ ሕይወቱን የጠላ ልጅ ካያችሁ ልምምድ ያስረሳዋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ወደመሰለ ባለሙያ ወዳለበት ቦታ አብራችሁት ሂዱ። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በጥር 2005 እጮኛውን ዓለም ተጫለን በልምምድ ላይ እያሉ በሞት አጥቶ በመጋቢት በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ውድድር አሸንፏል። ያንን እያነሳችሁ ኀዘን ላይ ያለን ልጅ «እሱ ችሏል» አትበሉት። ሊያርፍ የሚፈልገው ይረፍ። የነገራችሁንም ምስጢር ለማናጀሩም፣ ለክለቡም፣ ለጓደኞቹም አትንገሩበት፤ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ሩጫውን ሲጨርስ በልቡ ምን ሲል እንደነበረ ብትጠይቁት እውነቱን አይነግራችሁም።