«ልጄን እወደዋለሁ፤ ግን ታክቶኛል»

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብሊን ነው፤ የ7 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። የአየርላንዳዊቷን የክሌር ኪልሮይን «ሶልጀር ሴይለር» ሳነብ የራሴ ኑሮ መስሎኝ አለቀስኩ። ለባለቤቴ አንድ ገጽ ባነብለት «ይኼ የፈረንጅ መጽሐፍ አበላሸሽ! እናቶቻችን ስድስት ሰባት ወልደው መች አማረሩ?» አለኝ። መጥፎ እናት ነኝ?

መልስ፦ አይደለሽም። በ2023 የወጣው ያ ልብ ወለድ እናት ለሕፃን ልጇ የምታወራው ነው፤ እሷ ወታደር፣ እሱ መርከበኛ። ፍቅሯና ንዴቷ አብረው ያድራሉ፤ ያንቺም እንዲሁ።

ባለቤትሽ «የፈረንጅ» ያለው ግን አያስኬድም። የአየርላንድ የ1937 ሕገ መንግሥት፣ እናቶች በኑሮ ችግር ተገደው ሥራ በመውጣት የቤት ግዴታቸውን እንዳይተዉ መንግሥት ይጥራል ይላል። በ2024 ይቀየር ቢባል ሕዝበ ውሳኔው ጣለው። ያገባች ሴት ከመንግሥት ሥራ የምትሰናበትበት ደንብ የተነሣው በ1973 ነው። የአየርላንዳዊቷ ደራሲ የኤድና ኦብራየን የመጀመሪያ ልብ ወለድም በ1960 ሲወጣ በአገሯ ታግዷል። «አበላሸሽ» መባል እዚያም የቆየ ነው።

እናቶቻችንስ? በአራስነታቸው ገንፎ የምታገነፋ፣ ሕፃኑን የምታጥብ አክስት ወይም ጎረቤት ነበረቻቸው። ካንቺ ጋር ደብሊን የገባው ግን ግዴታው ብቻ ነው፤ አጋዧ አልመጣችም።

ስለዚህ «አግዘኝ» አትበይው፤ የሚያግዝ ሰው ትእዛዝ ይጠብቃል፣ ማሰቡ አንቺው ላይ ይቀራል። አንድ ሥራ ሙሉውን ስጪው፤ ለምሳሌ ማታ ማጠብና ማስተኛት፣ ለ2 ሳምንት። ሙሉ ማለት ዳይፐር ሊያልቅ ሲል ማየትና መግዛትም ጭምር ነው። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ልጁ ያለቅሳል፣ አንቺ በር ላይ ቆመሽ «እንደሱ አይደለም» ትያለሽ፣ እሱም «እንኪ፣ አንቺን ነው የሚፈልገው» ይላል። በዚያ ሰዓት ወጣ በይ፣ ግማሽ ሰዓት ተራመጂ። ፒጃማው ቢገለበጥ ምን አለበት?

ሕፃኑ ተኝቶም አንቺ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ከ2 ሳምንት በላይም ምንም ነገር ደስ ካላሰኘሽ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን ይችላልና ለሐኪምሽ ወይም ቤት ለምትመጣው ነርስ ንገሪ። ብዙ ጊዜ 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ያስሞሉሻል። ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ 112 ደውዪ።

መጽሐፉን አትደብቂው። ያንኑ ገጽ እንደገና አንብቢለት፤ ግን ልጁን ብቻውን አንድ ሳምንት ካስተኛ በኋላ።