«ጠዋት ጠዋት ስኳሬ ለምን ይወጣል?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ስኳር በሽታ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ እነሆ። የደም ስኳር ቁጥሮቹ በሙሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው። «ክኒኑን ስንት ላድርገው?» ያላችሁኝ ቅር አትሰኙብኝ፤ እሱን የሚወስነው የሚከታተላችሁ ሐኪም ነው።

ጥ፦ ዓይነት ሁለት ስኳር አለብኝ። ማታ ስተኛ 130 የነበረው ጠዋት 170 ሆኖ አገኘዋለሁ። ሌሊት ማን ያበላኛል?

መ፦ ጉበትዎ። ቀልድ አይደለም። ተኝተንም አንጎልና ልብ ሥራ አያቆሙም፤ ስለዚህ ጉበት ስኳር በጥቂት በጥቂቱ ወደ ደም ይለቃል። ሊነጋ ሲል ደግሞ ኮርቲሶልንና የእድገት ሆርሞንን የመሳሰሉት ይጨምራሉ። ለመንቃት የሚያዘጋጁን እነሱ ናቸው። ግን ጉበት ተጨማሪ ስኳር እንዲለቅ ይገፋፉታል፣ የደም ስኳርን የሚያወርደውን የኢንሱሊንን ጉልበትም ያዳክማሉ። ስኳር የሌለበት ሰው ቆሽት ኢንሱሊን ጨመር አድርጎ ነገሩን ያስተካክለዋል። የእርስዎ ቆሽት እዚያ ላይ አቅም ያጥረዋል።

ስለዚህ ጠዋት ቁጥሩን አይተው «ምን በላሁ?» ብለው ራስዎን አይውቀሱ። እራት መዝለልም መፍትሔ አይደለም። ይልቅ ለሁለት ሦስት ሌሊት እንዲህ ያድርጉ፦ ሲተኙ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማና ጠዋት ሲነሱ ይለኩ። ሌሊቱን ደህና ሆኖ ወደ ንጋት ላይ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ያ የሆርሞኖቹ ሥራ ነው። ገና ከመኝታ ጀምሮ ከፍ ብሎ የሚያድር ከሆነ ግን እራቱን፣ ወይም ከእራት በኋላ የሚቀማመሱትን ይጠርጥሩ። ሌሊት ላይ ከ70 በታች ከወረደ መድኃኒቱ በዝቶብዎት ሊሆን ይችላል፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ቁጥሮቹን ከነሰዓታቸው ጽፈው ይዘው ይቅረቡ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ወይም የሚወስዱበትን ሰዓት የሚቀይረው በእነሱ ተመርቶ ነው።

ከእራት በኋላ ትንሽ ወክ ማድረግም ይረዳል። ሩጫ አላልኩም።

ጥ፦ በየቀኑ ጠዋት እለካለሁ፤ ከ120 አልፎ አያውቅም። የሦስት ወሩ ምርመራ ግን 8.2 በመቶ ሆነ። ማሽኔ ነው ወይስ ላብራቶሪው የሚዋሸው?

መ፦ ምናልባት ሁለቱም አልዋሹም። የሦስት ወሩ ምርመራ የሚለካው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል። ስለዚህ ውጤቱ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። 8.2 በመቶ ማለት አማካይዎ 190 ገደማ ነው ማለት ነው። ጠዋት 120 ከሆኑ ሌላው ሰዓት ላይ ከዚያ በጣም ይበልጣሉ። ጠዋት ብቻ መለካት ልጁን ሲተኛ ብቻ አይቶ «ጨዋ ነው» ብሎ እንደ መመስከር ነው።

አሁን ምግብ ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩ። አንድ ቀን ከቁርስ፣ ሌላ ቀን ከምሳ፣ ሌላ ቀን ከእራት በኋላ። ለብዙ አዋቂዎች ግቡ ያኔ ከ180 በታች መሆን ነው፤ የሦስት ወሩ ደግሞ ከ7 በመቶ በታች። ለአረጋውያንና ስኳራቸው ቶሎ ለሚወርድባቸው ሐኪም ላላ ያለ ግብ ሊሰጥ ይችላል። የደም ማነስ ካለብዎት ወይም በቅርቡ ደም ከወሰዱ የሦስት ወሩ ውጤት ሊዛባ ስለሚችል ይህንንም ይንገሩ።

ጥ፦ በስኳር ፈንታ ማር ብጠቀምስ? ተፈጥሯዊ ነው ይላሉ።

መ፦ ነው። ቆሽትዎ ግን ይህን አያውቅም። ማር በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው፤ የደም ስኳርን ያወጣል። እንዲያውም ስለሚከብድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ሲኖረው የስኳሩ 12 ወይም 13 ግራም ነው።

ጥ፦ እናቴ «ሜትፎርሚን ኩላሊት ይጨርሳል» ሲሏት የስኳር መድኃኒቷን አቆመች። እውነት ነው?

መ፦ ይህ ወሬ ስንቱን መድኃኒት አስጥሏል! አይ እህቴ፣ ሜትፎርሚን ኩላሊት አይጎዳም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ሊጠራቀም ስለሚችል ሐኪም መጠኑን ይቀንሳል፣ ወይም ያስቆማል። ኩላሊቷ ስለደከመ መድኃኒቱ የቆመባትን ሴት ያየ ጎረቤት መድኃኒቱ ያደከማት ይመስለዋል። ኩላሊትን የሚጎዳው ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳርና የደም ግፊት ነው። እናትሽ አሁን የተጋለጠችው ለዚያ ነው።

እስቲ ደግሞ ሌላ ምክንያት እንዳላት ቀስ ብለሽ ጠይቂያት። ብዙ ሰው ሜትፎርሚንን የሚያቆመው ሆዱን እየረበሸው ነው፤ ተቅማጥ ስላለው ግን ለሰው ለመናገር ያፍራል። ከምግብ ጋር መውሰድ ያቀለዋል። ቀስ እያለ የሚለቀቅ ዓይነትም አለ፤ ሐኪሟን ይጠይቁ። ለረጅም ዓመታት ለሚወስድ ሰው የቫይታሚን ቢ12 ምርመራም ያስፈልጋል።

ጥ፦ ግሊቤንክላሚድ እወስዳለሁ። ሥራ ሲበዛ ምሳ ይቀርብኛል፤ ከዚያ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ቸኮሌት ብበላም ቶሎ አይተወኝም።

መ፦ ስኳርህ እየወረደ ነው። የምትወስደው መድኃኒት፣ በላህም አልበላህም፣ ቆሽትህ ኢንሱሊን እንዲለቅ ያደርጋል። ስለዚህ ክኒኑን ውጠህ ምሳ መዝለል አይሆንልህም። ቸኮሌቱ የዘገየው ቅባት ስላለው ነው፤ ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም አይገባም።

ሲጀምርህ ለካ። መለኪያው አጠገብህ ከሌለ ፍለጋ አትሂድ፣ መጀመሪያ ስኳር ውሰድ። 15 ግራም ያህል ይበቃል፦ ግማሽ ብርጭቆ ጁስ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ። «ያለ ስኳር» የሚል መጠጥ ምንም አይጠቅምህም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለካ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገመው። ሲስተካከል ደህና አድርገህ ብላ፣ አለዚያ ተመልሶ ይወርዳል። እስኪተውህም መኪና አትንዳ።

አብሮህ ለሚሠራ ሰውም ንገር። ራስህን ከሳትክ ምንም ነገር አፍህ ውስጥ እንዳይጨምር፣ በጎንህ አስተኝቶ አምቡላንስ እንዲጠራ። ይህ ነገር ከተደጋገመ ደግሞ መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላልና ከሐኪምህ ጋር ተነጋገር።

ጥ፦ አባቴ የእግሩ ጣት ሥር ቁስል አለበት። «አያመኝም» እያለ ሐኪም ጋ አልሄድም ብሏል።

መ፦ እኔን የሚያስፈራኝ አለማመሙ ነው። ስኳር ለዓመታት ነርቭን ሲጎዳ እግር ይደነዝዛል። ሰው ጫማው ውስጥ ጠጠር ይዞ ቀኑን ሙሉ ሊሄድ ይችላል። ወደ እግር የሚሄደው ደምም ከቀነሰ ቁስሉ አይድንም፣ ኢንፌክሽኑ እስከ አጥንት ይዘልቃል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ውሰዱት። ዙሪያው ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ወይም ሽታ ካለው፣ ጣቱ ከጠቆረ ወይም ትኩሳት ከያዘው በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። እስክትደርሱ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ አይርገጥበት። ሙቅ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ መሞቁ ስለማይሰማው ይቃጠላል። ሐኪሙም ሲያየው ሌላኛው እግሩ እንዲታይለት ጠይቁ፣ በጣቶቹ መሃል ጭምር።