አዳማ ላይ ለሱቃችሁ ስክሪን ልታስገቡ ያሰባችሁ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። የኤል ኢ ዲ ስክሪን መግጠምና መጠገን ሥራዬ ነው። እዚህ አዳማ ከፖስታ ቤት ጀምሮ እስከ ፍራንኮ ስክሪን የሚሰቅለው ሱቅ በጣም እየበዛ ነው፣ ግን ብዙው ሰው ያን ሁሉ ብር አውጥቶ የሚያልፈውን ሰው ወደ ውስጥ ማስገባት እያቃተው ስለሆነ ነው ዛሬ ጠይቁኝ ያልኩት። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል፦ ስክሪኑን ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደሚያሳይ ወስኑ፣ መጠኑም ዓይነቱም ከዛ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ሻጮቹ ፒ10፣ ፒ5፣ ፒ3 ይሉኛል፣ ልዩነቱ ምንድነው? ቡቲክ ነው ያለኝ።

መልስ፦ ቁጥሩ በአንዷ መብራትና በቀጣይዋ መሀል ያለው ርቀት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ፒ10 ማለት 10 ሚሊ፣ ፒ5 ማለት 5 ሚሊ። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ምስሉ ይጠራል፣ ዋጋውም ይጨምራል። በግርድፉ ቁጥሩን ወደ ሜትር ቀይሪው፣ ፒ5 ከሆነ ሰው ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ ሲያየው ነው ደስ የሚለው፣ ፒ10 ደግሞ ከ10 ሜትር በላይ። ያንቺ ደንበኛ በእግረኛ መንገዱ በ3 እና በ4 ሜትር የሚያልፍ ከሆነ ፒ10 ላይ ቀሚስ ብታሳዪው ነጥብ ነጥብ ነው የሚታየው። ዋናው አስፋልት ላይ ከማዶ እንዲታይ ከሆነ ግን ለፒ3 ያን ያህል ብር ማውጣት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ሞባይል ሱቅ አለኝ፣ ቀይ ፒ10 ሰቅዬ ጽሑፍ እያንሸራተትኩ ነው፣ ኦሮምኛው ይነበባል አማርኛው ግን አይነበብም እያሉኝ ነው። ስክሪኑ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ ስለመጣ ደስ ብሎኛል ምክንያቱም ብዙ ሱቅ ላይ የማየው ነገር ነው። አንዱ የፒ10 ፓነል 32 በ16 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ቁመቱ 16 ነጥብ ብቻ ነው ማለት ነው። ቁቤው በላቲን ስለሆነ 16 ነጥብ ይበቃዋል። የኛ ፊደል ግን ልዩነቱ ያለው ትንንሽ ቅጥያዎቹ ላይ ነው፣ ቁና ቂና ቄን፣ ዩና ዪና ዬን የሚለያት ያቺ ትንሽ ጭረት ናት፣ እሷ ደግሞ በ16 ነጥብ ውስጥ ትጠፋለች ወይ ከፊደሉ አካል ጋር ትጣበቃለች። መፍትሄው ሁለት ፓነል አንዱን ባንዱ ላይ ደርበህ 32 ነጥብ ቁመት መስጠት፣ ደመቅ ያለና ጌጥ የሌለው ፎንት መምረጥ፣ ከዛ ፍጥነቱን መቀነስ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጭራሽ አለማንሸራተት ነው፣ «ስክሪን ቅያሪ በ1 ሰዓት» የሚል ቆሞ ለ4 ሰከንድ ይታይ፣ ከዛ በኦሮምኛ ለ4 ሰከንድ፣ በቃ። ሁለቱን ቋንቋ አንድ ላይ ካጨናነቅካቸው ሁለቱም አይነበቡም።

ጥያቄ፦ ለምን ቆሞ? የሚንቀሳቀስ ነገር አይደል ዓይን የሚስበው?

መልስ፦ ዓይን ይስባል፣ ግን ስንት ሰከንድ እንዳለህ አስላው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በሰከንድ 8 ሜትር ያልፋል፣ ስክሪንህ ከ40 ሜትር የሚታይ ከሆነ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ያለው 5 ሰከንድ ነው። በ5 ሰከንድ ውስጥ የሱቁ ስም እየተሽከረከረ ሲመጣ፣ ከዛ አበባ ሲፈነዳ፣ ከዛ «እንኳን ደህና መጡ» ሲል ሰውየው አልፏል! ምን እንደምትሸጥ ሳያውቅ። እንቅስቃሴው ዓይኑን ለመጥራት አንዴ ይበቃል፣ ከዛ አንድ ዕቃ፣ አንድ ዋጋ ቆሞ ይታይ። ዋጋ መጻፍ የሚፈሩ አሉ፣ እኔ ግን ጻፉ ነው የምለው፣ ዋጋ ያየ ሰው ነው ወርዶ የሚጠይቀው።

ጥያቄ፦ የቤት 55 ኢንች ቲቪ ከመስታወቱ ጀርባ ባስቀምጥስ? ይረክሳል።

መልስ፦ ጥላ ያለበት ከሆነ ይሠራል። የቤት ቲቪ ድምቀቱ ብዙ ጊዜ 300 ኒት አካባቢ ነው (ኒት የድምቀት መለኪያ ነው)፣ ለፀሐይ የሚሠራ ከመስታወት ጀርባ የሚቆም ስክሪን 2500 እና ከዛ በላይ፣ ደጅ የሚሰቀል ኤል ኢ ዲ ደግሞ 5000 እና ከዛ በላይ ነው። ሱቅህ ፊቱ ወደ ምዕራብ ከሆነ የአዳማን የከሰዓት ፀሐይ ታውቀዋለህ፣ ቲቪው ላይ የሚታየው ያንተ ዕቃ ሳይሆን የማዶው ሕንፃ ነጸብራቅ ነው፣ ሙቀቱም ቶሎ ይገድለዋል። በረንዳ ስር ወይ ሌላ ጥላ ውስጥ ከሆነ ግን ጥሩ ጅማሬ ነው። ቪዲዮውን በፍላሽ አድርገህ ድገም በለው፣ ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ አንዱ ፋይል ከ4 ጊጋ መብለጥ የለበትም። ኦሌድ የሚባለውን ዓይነት ግን ለዚህ አትጠቀም፣ አንድ ጽሑፍ ቀኑን ሙሉ ሲቆምበት ምልክቱ ታትሞ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት ነኝ፣ ምን ላሳይ?

መልስ፦ ለምግብ ቤት የስክሪን ትልቁ ጥቅሙ በሰዓት መቀያየሩ ነው፣ ባነር ይሄን አይችልም። ጠዋት ፉልና ፍርፍር፣ ምሳ ላይ ምሳ፣ ማታ ጥብስ። ረቡዕና አርብ በየዓይነቱና አሳ እንዲወጣ አንዴ ከሞላህለት በየሳምንቱ ራሱ ይቀይራል፣ ዓቢይ ጾም ሲገባ የጾሙን ዝርዝር ለብቻው አዘጋጅለት፣ ረመዳን ላይ ደግሞ ከመግሪብ በፊት የኢፍጣር ምግብህን አሳይ። በጾም ቀን ክትፎ እያብለጨለጨ የሚውል ቤት አያለሁ፣ ያ ስክሪን የዛን ቀን ሥራ ፈቷል። ፎቶው ደግሞ የራስህ ምግብ ይሁን፣ ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ስቴክ አሳይተህ ሌላ ብታቀርብ ያ ደንበኛ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ሰዓት ሞልቼለት ነበር፣ ግን ገና ከሰዓት እያለ ይጠፋል። ለምን?

መልስ፦ ሁለት ነገር እይ። ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ስክሪኑን የሚያዘው ዕቃ፣ ከቻይና ሲመጣ በቤጂንግ ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል፣ ከኛ 5 ሰዓት ይቀድማል፣ ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት ጥፋ ያልከው 11 ሰዓት ከሰዓት ላይ ይጠፋል። ሁለተኛ የሚሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት 07:00፣ ማታ 4 ሰዓት 22:00 ብለህ።

ጥያቄ፦ መብራቱ ምን ያህል ይቆጥርብኛል? መብራት ሄዶ ሲመጣስ?

መልስ፦ ባለ ሙሉ ቀለም የደጅ ስክሪን በአማካይ በካሬ ከ250 እስከ 300 ዋት አካባቢ አስብ፣ ሙሉ ነጭ ሲያበራ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ሊሄድ ስለሚችል ገመዱ በትልቁ ይታሰብ። 2 ካሬ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በቀን 6 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 180 ገደማ ነው። ጀርባውን ነጭ ከምታደርጉ ጥቁር ወይ ደብዘዝ ያለ አድርጉት፣ ቆጣሪውም ይቀንሳል ጽሑፉም ጎልቶ ይወጣል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ቮልቴጅ ነው ፓወር ሰፕላይ የሚያቃጥለው፣ ትንሽ ዘግይቶ የሚያበራ ፕሮቴክተር ይግባለት፣ አካባቢያችሁ መብራቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ስታብላይዘርም ጨምሩ። የብረት ፍሬሙ ደግሞ የግድ ኧርዝ ይደረግ፣ በዚህ ላይ አልደራደርም፣ በዝናብ ጊዜ ልጅ ይነካዋል።

ጥያቄ፦ ንፋሱስ?

መልስ፦ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት ከተማ ላይ ነው ያለነው፣ ከአዲስ አበባ ስትገቡ እነዛን ማማዎች ታዩአቸዋላችሁ። ስክሪን ሸራ አይደለም፣ ከባድ ነው፣ ንፋስ ደግሞ አያሳልፍም። የቱቦላሬ ፍሬሙ ከኮለን ወይ ከቢም ጋር ይታሰር፣ ብሎኬት ላይ በፊሸር ብቻ አታንጠልጥሉ፣ ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ነው፣ ይነቀላል። ስር ሰው ነው የሚያልፈው። ለአቧራውና ለዝናቡ አይ ፒ 65 የሚል ይኑረው (አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃ ነው)፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ከሆነም ከፊት ለፊት የሚከፈት ግዙ፣ አለበለዚያ አንድ ፓነል ለመቀየር ሙሉው ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ኳስ ባሳይ ሰው አይሰበሰብም?

መልስ፦ ይሰበሰባል፣ ጀርባውን ለበርህ ሰጥቶ። እውነተኛው ደንበኛህ ሰው ስለሞላ አልፎ ይሄዳል። ካፌ ከሆንክ ውስጥ አሳይ።

ጥያቄ፦ ከላይ ያሉት ተከራዮች ማታ መተኛት አልቻልንም ብለው ከሰሱኝ።

መልስ፦ ልክ ናቸው። ለቀን ፀሐይ የተዘጋጀ ድምቀት ማታ ላይ ከ10 እጅ አንዱም ይበቃል። የብርሃን ሴንሰር አስገባ ወይ በሰዓት እንዲቀንስ ሙላው። ሰው ዓይኑን ካጠበበ ጽሑፉንም አያነብም እኮ።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ ነኝ፣ መድኃኒት ማስተዋወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ በሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ለሕዝብ አይተዋወቅም። ክፍት የምትሆኑበትን ሰዓት፣ ተረኛ መሆናችሁን፣ የግፊት ልኬት እንዳለ አሳዩ፣ ሌሊት መድኃኒት የሚፈልግ ሰው የሚያየው እሱን ነው። ለሌሎቻችሁም፣ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የውጭ ማስታወቂያንም ይመለከታል፣ ከመስቀላችሁ በፊት ከከተማው ፈቃድ ጠይቁ፣ የሌለ ቅናሽም አትጻፉ።

ጥያቄ፦ ቲክቶክ ላይ ስቀርጸው ስክሪኑ መስመር መስመር ይሆናል።

መልስ፦ ሪፍሬሽ ሬቱ፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ ስንቴ እንደሚታደስ፣ ዝቅ ያለ ነው። ስትገዙ 3840 ኸርዝ ብላችሁ ጠይቁ፣ 1920ው ለዓይን ችግር የለውም፣ ካሜራ ግን ይይዘዋል። እግረ መንገዴን፣ ስትረከቡ ሙሉ ነጭ፣ ከዛ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያደረጋችሁ ለግማሽ ሰዓት አብርታችሁ የሞተ ነጥብ ፈልጉ፣ መለዋወጫ ፓነልም ከዛው ምርት አብራችሁ ውሰዱ፣ ኋላ የሚመጣው ቀለሙ አይገጥምም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ መብራት ኃይል አካባቢ ትንሽ ባልትና አለችኝ፣ በርበሬና ሽሮ። ሁሉም እየሰቀለ ነው፣ እኔም ብድር ወስጄ ላስገባ?

መልስ፦ እትዬ፣ ለዚህ ብድር አይውሰዱ። የእርስዎ ደንበኛ የሰፈር ሰው ነው፣ በመንገድ የሚያልፍ መኪና አይደለም። በሩ ላይ ደህና ነጭ አምፖል ያድርጉ፣ በርበሬው ከውጭ እንዲታይ መደርደሪያውን ወደ መስታወቱ ያስጠጉ፣ የኪሎ ዋጋውን በትልቁ ያስጽፉ። እሱን አድርገው ከወር በኋላ አዲስ ሰው መምጣት አለመምጣቱን ያስተውሉ፣ ያኔ ከፈለጉ ይደውሉልኝና አንድ ትንሽ ፓነል ስንት እንደሚፈጅ አብረን እናሰላለን።