የሃይድሮጅን ፈርነስ ላይ ለምትሠሩ ልጆች

ልጆች፣ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሃይድሮጅን የሚነፋበት የብረት ማለስለሻ ፈርነስ (ምድጃ) ላይ ስትመደቡ ሁሉም የሚነግራችሁ «ሲግል ተጠንቀቁ» ነው። ልክ ነው፣ ያቃጥላል። እኔን ግን የሚያስፈራኝ ሲቀዘቅዝ ነው።

ሃይድሮጅን አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል። ሚቴን ከ5 እስከ 15 ገደማ ነው፤ ልዩነቱን እዩት። ለመለኮስም ከልብሳችሁ የምትነሳ የስታቲክ ብልጭታ ትበቃዋለች። ከ760 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በጋለ የፈርነስ ክፍል ውስጥ ከአየር ጋር ቢገናኝ እዚያው እየነደደ ያልቃል፣ አይጠራቀምም። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ግን ተቀላቅሎ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ብልጭታ ሲያገኝ በአንዴ ይፈነዳል። ለዚህ ነው ስታስነሱም ስታጠፉም ክፍሉን በናይትሮጅን የምታጥቡት። የክፍሉን 5 እጥፍ ናይትሮጅን አሳልፉ የሚል የቆየ ልማድ አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ጋዝ የማይዘዋወርበት ጥግ ያለው ፈርነስ ልማዱን አያውቅም፤ ስለዚህ ሃይድሮጅኑን ከመልቀቃችሁ በፊት መውጫው ላይ ኦክስጅኑን ለኩና ከ1 በመቶ በታች መውረዱን እዩ። ሺፍት ሊያልቅ ሲል «በቃ ጠርቷል፣ በሩን ክፈተው» የሚል አለቃ አይጠፋም። ይቆጣ። መለኪያው ሃይድሮጅኑ መውጣቱን ሳይናገር አትክፈቱ።

ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ሙቀቱም እንደ እንጨት እሳት ከሩቅ ፊት አይለበልብም፣ ስለዚህ እጃችሁ ውስጡ ከገባ በኋላ ነው የምታውቁት። የድሮ ሰዎች ደረቅ የሣር መጥረጊያ ከፊታቸው ዘርግተው ነበር የሚሄዱት፤ ጫፉ ከነደደ እሳቱ እዚያ ነው። ሳቁ ከፈለጋችሁ፣ ይሠራል። የሙቀት ካሜራ ካላችሁ ግን እሱን ያዙ።

በርነር (ጋዙ የሚነድበት አፍ) ከተፈጥሮ ጋዝ ወደ ሃይድሮጅን ሲቀየር የማየው አጉል ነገር አለ። ብዙው የጋዝ በርነር እሳት መኖሩን የሚያውቀው ነበልባል ውስጥ ባለች የኤሌክትሮድ ዘንግ ነው፤ እሷ የምታነበው ካርቦን ያለው ጋዝ ሲነድ የሚፈጠረውን ቻርጅ ነው። ሃይድሮጅን ካርቦን የለውም። እሳቱ እየነደደ ሴንሰሩ «የለም» ይልና ጋዙን ይዘጋል። ያኔ አንዱ ጎበዝ ነኝ ባይ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ብሎ ጃምፐር ያደርግለታል፣ ማለትም በሽቦ አገናኝቶ ሴንሰሩን ያልፈዋል። አደራ! የሚያስፈልገው አልትራቫዮሌት የሚያይ ሴንሰር ነው።

እሳት ከተነሳ ለማጥፋት አትሩጡ፤ መጀመሪያ ቫልቩን ዝጉ። ጋዙ እየወጣ ነበልባሉን ብቻ ካጠፋችሁት ጣሪያ ስር ይጠራቀምና ሁለተኛው ዙር ፍንዳታ ይሆናል። መዝጋት ካልተቻለ ይንደድ፣ እናንተ ራቁ፣ ዙሪያውን በውሃ አቀዝቅዙት።

እና ያ የምናምነው ናይትሮጅንም ኦክስጅኑን ገፍቶ እያስወጣ ይገድላል። አይሸትም፣ አያሳስልም። ለጥገና ፈርነስ ውስጥ የሚገባ ሰው ካለ የጋዝ መስመሩ ተነቅሎ፣ ክፍሉ በአየር ተናፍሶ፣ ኦክስጅኑ ከ19.5 በመቶ በላይ መሆኑ ተለክቶ ይግባ፤ ውጭ የሚጠብቀውም ጓደኛው ቢወድቅ ተከትሎ ዘሎ እንዳይገባ አስቀድማችሁ ንገሩት።