አንዱ ሰርቨር ላይ ብቻ የጠፋው ፖርት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 12 ሰርቨሮችን በአንሲብል (ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ በሚያዋቅረው መሣሪያ) ነው የማስተዳድረው። የሁሉንም የጋራ መረጃ ግሩፕ ቫርስ (ሰርቨሮቹ የሚጋሩት የቫሪያብል ፋይል) ውስጥ «አፕ» በሚል ዲክሽነሪ (ስምና ዋጋ የሚይዝ ስብስብ) አስቀምጫለሁ፤ ውስጡ ፖርት አለ፣ ሎግ አለ፣ ዳታቤዝ የሚባል ሌላ ዲክሽነሪም አለ፣ እሱ ደግሞ በተራው ስምና ሆስት ይዟል። የአንዱን ሰርቨር የዳታቤዝ ስም ብቻ መቀየር ፈለግኩና በሆስት ቫርስ ፋይሉ (የዚያ ሰርቨር ብቻ በሆነው) «አፕ» ብዬ፣ ከሥሩ ዳታቤዝ፣ ከዚያ ሥር አዲሱን ስም ጻፍኩ። አሁን ፕሌይቡኩ (የሥራ ትእዛዞቹ ፋይል) እዚያ ሰርቨር ላይ ሲደርስ ዲክሽነሪው ፖርት የሚባል ነገር የለውም ብሎ ይቆማል። ፖርቱ ግን ፋይሉ ላይ አለ፣ እያየሁት! ሁለት ቀን ሙሉ ስፔስ ስቆጥር ነው ያለፈው። እባካችሁ ምኑን ነው ያበላሸሁት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስፔስ መቁጠሩን ተወው። የጋራው ፋይል ላይ የያምል (ፋይሎቹ የሚጻፉበት ፎርማት) አሰላለፍ ተዛብቶ ቢሆን ኖሮ 12ቱም አብረው ይወድቁ ነበር። የወደቀው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም አንተ ሆስት ቫርስ የጻፍክለት ነው። ፍንጩ እዚያ ነው ያለው።

አንሲብል አንድ ዲክሽነሪ በአንድ ስም ሁለት ቦታ ተጽፎ ሲያገኝ፣ ሴቲንጉን ካልቀየርክ በቀር፣ አይቀላቅላቸውም። ቅድሚያ ያለውን ይወስድና ሌላውን እንዳለ ይተወዋል። ሆስት ቫርስ ደግሞ ግሩፕ ቫርስን ይበልጣል። ስለዚህ ለዚያ ሰርቨር «አፕ» ማለት አንተ የጻፍካት አንዲት የዳታቤዝ ስም ብቻ ናት፤ ፖርቱም፣ ሎጉም፣ የዳታቤዙ ሆስትም ጠፍተዋል። ስለ ፖርት ብቻ ያማረረው መጀመሪያ የተፈለገው እሱ ስለሆነ ነው። ፖርቱን ብትጨምርለት ቀጥሎ ሎግ የለም ይልሃል፣ እንደዚያ እያልክ መጨረሻ ላይ የጋራውን ፋይል ሙሉ ገልብጠህ ታርፈዋለህ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ፋይሎች እኩል ማስኬድ የዘላለም ሥራ ይሆንብሃል።

ይህን በእኔ ቃል ብቻ አትመን። ከሚወድቀው ታስክ በፊት ዲባግ ሞጁሉን አስገባና «አፕ»ን አሳትመው። ፋይሉ ላይ የተጻፈውና አንሲብል በእጁ የያዘው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ተደራራቢ ዳታ ሲያስቸግርህ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነው ማየት ያለብህ።

መፍትሔው ስሞቹን መለየት ነው። የጋራውን «አፕ ቤዝ» በለው፣ የሰርቨሩን ለውጥ «አፕ ለውጥ»፣ ከዚያ «አፕ»ን ሁለቱን በኮምባይን ፊልተር (ዲክሽነሪዎችን በሚያዋህደው) አዋህደህ ግሩፕ ቫርስ ውስጥ ፍጠረው። «አፕ»ን ከራሱ ከ«አፕ» ጋር ለማዋሃድ አትሞክር፣ ራሱን በራሱ ሲጠራ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባና በኤረር ይቆማል። «አፕ ለውጥ»ንም ግሩፕ ቫርስ ላይ ባዶ ዲክሽነሪ አድርገህ አስቀምጥ፣ አለበለዚያ ለውጥ የሌላቸው 11ዱ ሰርቨሮች ቫሪያብሉ አልተገለጸም ብለው ይወድቃሉ።

እዚህ ላይ ልብ በልልኝ፦ ኮምባይን ስትጽፍ ሪከርሲቭ (ውስጥ ያሉትንም ደረጃዎች አዋህድ) የሚለውን ትሩ ማድረግ አትርሳ። ከረሳኸው የሚዋሃደው የላይኛው ደረጃ ብቻ ነው። ፖርቱ ይመለሳል፣ ደስ ይልሃል፣ ግን ዳታቤዝ የሚለው በሙሉ ተተክቶ ሆስቱ እንደጠፋ ይቀራል። ሪከርሲቭ ቢሆንም እንኳ ሊስቶችን አይቀላቅልም፤ ካልነገርከው በቀር አዲሱ ሊስት አሮጌውን ይተካዋል።

ሃሽ ቢሄቪየር የሚለውን የአንሲብል ሴቲንግ መርጅ (ቀላቅል) አድርገው የሚልህ ሰው ይኖራል። እኔ አልመክርህም። የአንተን ችግር ይፈታል፣ ነገር ግን ሌሎች ሰዎች መተካትን አስበው የጻፏቸው ሮሎች (ዝግጁ የታስክ ስብስቦች) ሁሉ ባህሪያቸው ይቀየራል፣ የዚያን ጊዜ ስህተቱን የት እንደምትፈልገው አታውቅም።

ሠርተህ ስትጨርስ «አፕ»ን በዚያ ሰርቨርና በሌላ አንድ ሰርቨር ላይ አሳትመህ ጎን ለጎን አስተያይ። ከዳታቤዙ ስም ውጪ ልዩነት ካየህ ሁለቱንም ውጤት ላክልን፣ አብረን እናየዋለን።